አሮጌው ሳይረክስ አዲሱ አይውጣ

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ከቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ ጋር ሆኖ ቀጣዩን ኤክስቦክስ እየሠራ መሆኑን ተናገረ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አራት ወር ሳይሞላ የፕሌይስቴሽን ማሽኖች ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ ከዚያው ከኤኤምዲ ሰው ጋር ቪዲዮ ላይ ቀርቦ፣ አብረው የያዙትን ቴክኖሎጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚመጣ ኮንሶል ላይ ለማየት መጓጓቱን ገለጸ። ከዚያ ወዲህ የጌም ወዳጅ ሁሉ ሥራው ግምት ሆኗል። አንዱ 2027 ነው ይላል፣ ሌላው የለም 2028 ነው ይላል።

እኔ ቀን ቆጠራው አይገባኝም። አንድ ኮንሶል ዕድሜውን ጨረሰ የሚባለው ዋጋው ወርዶ ወርዶ፣ በወጣበት ሰሞን ዋጋውን ጠይቆ የተመለሰው ሰው ገዝቶ ቤቱ ሲያስገባው ነው። ያ ሳይሆን አዲስ ማሽን የሚያወጣ ኩባንያ አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ጀመረ ማለት ነው።

የሶኒን ፕሌይስቴሽን 2 (ፒኤስ2ን) እንውሰድ። በማርች 2000 ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አሜሪካ ሲገባ 299 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2002 ወደ 199 ወረደ፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ በ2009 99 ዶላር ገባ። ያኔ ተተኪው ፒኤስ3 ገበያ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሮጌው ግን አሁንም ይመረታል፣ ይሸጣል። ሶኒ ማምረቱን ያቆመው በ2012 ማብቂያና በ2013 መግቢያ ላይ ነው። በጠቅላላው ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ፊፋ 14 እንኳ፣ ፒኤስ4 በወጣበት በ2013፣ ለፒኤስ2ም ወጥቶ ነበር! 299 ዶላሩን ሳያቅማሙ የከፈሉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ማሽኑን የዓለም ሁሉ ማሽን ያደረጉት ግን በኋላ የመጡት ናቸው።

የብዙዎቻችን ትውውቅም ከዚያ ከኋለኛው ዘመኑ ጋር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የተከፈቱት ፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ ቤቱ ቴሌቪዥን እንጂ ኮንሶል ያልነበረውን ልጅ ሁሉ በጌም እያስከፈሉ አጫወቱት። አሁንም አሉ። እኔ አልፎ አልፎ ብቅ የምልበት የሰፈራችን ቤት ሁለት ፒኤስ4 አለው። ከማሽኖቹ ጀርባ ትንሽ ፋን ተደቅኗል፤ ፋኑ ከሌለ ከሰዓት በኋላ ሲግሉ ጩኸታቸው የኮሜንታተሩን ድምፅ ይውጠዋል። የጆይስቲኮቹ የአውራ ጣት መደገፊያ ተልጦ፣ ባለቤቱ ከብስክሌት ጎማ የቆረጠውን ላስቲክ ለጥፎበታል። ፒኤስ5 የማይገዛው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ፋይቭ ብገዛም ሰው በአንድ ጌም የሚከፍለኝ ያው ነው» አለኝ።

ምን ይባላል? ደንበኞቹ የሚፈልጉት የዘመኑን የእግር ኳስ ጌም ነው፤ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 26 ደግሞ በ2025 ለፒኤስ4ም ወጥቷል፣ ማሽኑ 12 ዓመት ሊሞላው ሲል። ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ አሮጌውን ማሽን ያልተወው ለጽድቅ ብሎ አይደለም። ገና እዚያ ላይ የሚጫወት ገበያ ስላለ ነው። ሶኒ ራሱ በ2024 ለባለሀብቶች ባቀረበው ገለጻ፣ በየወሩ ከሚጫወቱት ደንበኞቹ ግማሽ ያህሉ ፒኤስ4 ላይ እንደሆኑ አሳይቷል። ፒኤስ5 በዚያን ጊዜ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። እነዚህ ሁሉ አዲስ አበባ የሚኖሩ አይደሉም፤ አሜሪካና አውሮፓ ያሉም ናቸው።

ለምን አልተሻገሩም? ዋጋው ነዋ። በኖቬምበር 2020 ዲስክ የሚያነበው ፒኤስ5 499 ዶላር ነበር። እንደ ድሮው ልማድ ቢሆን አምስት ዓመት ቆይቶ 349፣ ቢበዛ 399 መሆን ነበረበት። በኦገስት 2025 አሜሪካ ውስጥ 549 ገባ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም ከ499 ተነሥቶ በዚያው በ2025 ሁለት ጊዜ ተጨምሮበት 649 ደረሰ። ኒንቴንዶ እንኳ በ2017 በ299 ያወጣውን ስዊች ከስምንት ዓመት በኋላ 339 አደረገው። ያረጀ ዕቃ የሚወደድበትን ገበያ እኛ በመኪና ለምደነዋል፤ ኮንሶል እንዲህ ሲሆን ግን እኔ አላስታውስም።

ነገሩ ስግብግብነት ብቻ ቢሆን ተናድዶ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን የቺፑም ነገር አለበት፤ ቀደም ሲል ቺፕ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ያንስ ነበር። ሲያንስ ከአንድ የሲሊከን ገበታ ብዙ ፍሬ ይወጣል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣውም ሳጥኑም ያንሳል። የፒኤስ2 ሁለት ዋና ቺፖች ተዋህደው አንድ የሆኑትና ማሽኑ የሳሳው በዚህ መንገድ ነው፤ ኤክስቦክስ 360ም በ2010 እንዲሁ ሆኗል። ዛሬም ቺፕ ያንሳል። ግን የማምረቻው ወጪ አብሮ ስለሚያሻቅብ ያነሰው ቺፕ አይረክስም። በዚያ ላይ የአሜሪካ ታሪፍ መጣ። በዚያም ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች ሚሞሪውን በገፍ እየገዙ በ2025 መጨረሻ ዋጋውን ሰቀሉት። ፒኤስ5 ውስጥ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ አለ፤ ተተኪው ከዚያ ያነሰ ይዞ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ታዲያ በዚህ ገበያ አዲስ ማሽን ስንት ሊባል ነው? ሶኒ በ2024 ያወጣው ፒኤስ5 ፕሮ ዲስክ ማንበቢያ እንኳ ሳይኖረው ሲወጣ 699 ዶላር ተብሎ ነበር፤ እሱ ደግሞ አዲስ ትውልድ አይደለም።

ኩባንያዎቹ ይህን ሒሳብ ከኔ በተሻለ ያውቁታል። የሚያስቸኩላቸው ሌላ ነው፣ እገሌ ቀደመኝ የሚል ፍርሃት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለቀድሞው ኮንሶል አምራች ለሴጋ ይመስላል። ሳተርን የተባለው ማሽኑ አሜሪካ ውስጥ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1995 እንደሚወጣ አስነግሮ ነበር። የሶኒ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በሳምንቱ፣ በ9ኛው ቀን ይከተላል። ሴጋ በአንድ ሳምንት መቅደም አልበቃውም። ሜይ 11 ቀን ሎስ አንጀለስ ውስጥ በመጀመሪያው የኢ3 ዐውደ ርእይ ላይ የሴጋ አሜሪካ ኃላፊ ቶም ካሊንስኪ ተነሥቶ፣ ሳተርን አሁኑኑ በተመረጡ ሱቆች እየተሸጠ መሆኑን፣ ዋጋውም 399 ዶላር መሆኑን አበሰረ። በዚያው ዕለት የሶኒ ተራ ደረሰ። የሶኒው ስቲቭ ሬስ ወደ መድረኩ ወጣ፣ «299» አለ፣ ወረደ። ሌላ ንግግር አላስፈለገውም፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ከዚያ በኋላ ሴጋ የከፈለው ዋጋ ነው የሚያስገርመው። ጌም ሠሪዎቹ የሚዘጋጁት ለሴፕቴምበር ስለነበር ማሽኑ ለወራት የሚጫወቱበት ጌም አጠረው። ያልተመረጡት ሱቆች ተቀየሙ፤ ኬቢ ቶይስ የተባለው የመጫወቻ ሻጭ የሴጋን ዕቃ አልይዝም እስከማለት ደረሰ። ገና በኖቬምበር 1994 ለአሮጌው የሴጋ ማሽን ለጄኔሲስ 32ኤክስ የተባለ ተቀጥላ 159 ዶላር አውጥቶ የገዛው ደንበኛ ደግሞ ገንዘቡን ውኃ በላው። ሴጋ በ1999 ድሪምካስትን ይዞ አሜሪካ ተመለሰ። እጅግ ጥሩ ማሽን ነበር፤ የሴጋን ነገር ያየ ሰው ግን ፒኤስ2ን ልጠብቅ አለ። በ2001 ሴጋ ከኮንሶል ሥራ ጠቅልሎ ወጣ።

ችኮላ ማይክሮሶፍትን ጠቅሞታል የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። የመጀመሪያውን ኤክስቦክስ በአራት ዓመቱ ትቶ 360ን በኖቬምበር 2005፣ ከፒኤስ3 አንድ ዓመት ቀድሞ አወጣ። ያ አንድ ዓመት ትልቅ ቦታ አስያዘው፤ ሁለቱም ከ80 ሚሊዮን በላይ ሸጠው አንገት ለአንገት ጨረሱ። ዕዳው የመጣው በሌላ በኩል ነው። የማሽኑ ፊት ላይ ሦስት ቀይ መብራት ከበራ አለቀለት ማለት ነበር፤ ይህ እየበዛ ሲሄድ ኩባንያው በ2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ለጥገናና ለመተኪያ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። እንዲህ ያለ ጉድለት በገንዘብ መሸፈን የሚችል ኩባንያ ስንት አለ? ሴጋ ቢሆን በዓመቱ በተዘጋ ነበር።

ከዋጋው ሌላ የጌም ሠሪዎቹም ነገር አለ። ኖቲ ዶግ የተባለው የሶኒ ስቱዲዮ በፒኤስ3 ዘመን ከ2007 እስከ 2013 ሦስት አንቻርትድና ዘ ላስት ኦቭ አስን፣ በድምሩ አራት አዳዲስ ትልልቅ ጌሞች አወጣ። ፒኤስ5 አምስት ዓመት ሲሞላው ይኸው ስቱዲዮ ያቀረበለት የድሮዎቹን አድሶ ብቻ ነው፤ አንድም አዲስ ጌም አልነበረም። ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም፣ ሥራው ገዝፎ ነው። ጂቲኤ 5 በ2013 ለፒኤስ3፣ በ2014 ለፒኤስ4፣ በ2022 ለፒኤስ5 ተሸጧል፤ አንድ ጌም ሦስት ማሽን አሳልፏል። በዚህ ሁኔታ ኮንሶልን በየሰባት ዓመቱ እንቀይር ማለት፣ ስቱዲዮው ለአንዱ ማሽን የጀመረውን ለሌላው እንዲጨርስ ማስገደድ ነው። ሳይበርፐንክ 2077 በዲሴምበር 2020 በሁለት ትውልድ መሀል ተሰንቅሮ ሲወጣ ፒኤስ4 ላይ እንዴት እንደተንተባተበ ያየ ያውቃል፤ ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አንሥቶ ለገዢዎች ገንዘባቸውን መመለስ ጀመረ።

መጠበቅም ግን ልክ አለው። ፒኤስ4 በ2020 መተካቱን ማንም ሊነቅፍ አይችልም። ሃርድ ዲስኩ ዘገምተኛ፣ ፕሮሰሰሩም ገና ሲወጣ ደካማ ነበር። ትልልቅ ጌሞች ውስጥ ጀግናው በሆነ ባልሆነው በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ መሀል በጎኑ እየተሹለከለከ የሚሄደው፣ ወይም ሊፍት ውስጥ ቆሞ የሚያወራው ለውበት እንዳይመስላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀጥለው ቦታ ከዲስኩ እስኪጫን ተጫዋቹን ማዘግያ ነው። ፒኤስ5 ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ማከማቻ ከዚህ ገላገላቸው። ዛሬ ፒኤስ5 ላይ ሠሪዎቹን እንዲህ አንቆ የያዘ ነገር ንገሩኝ ብባል አላገኝም። ብርሃንና ጥላው ከዚህ በላይ ሊያምር ይችላል፣ ይመር፤ ለዚያ 700 ዶላር አያስከፍልም።

ከሦስቱ ኩባንያዎች ቀኑን ያወቀበት ኒንቴንዶ ይመስለኛል። ስዊችን በማርች 2017 አወጣ፤ በ2019 ላይት የተባለውን ታናሹን በ199 ዶላር ለልጆችና ኪሳቸው ለማይችል አቀረበ፤ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ ከሸጠ በኋላ፣ በጁን 2025 ስዊች 2ን ለቀቀ። የድሮዎቹን ጌሞች አብዛኞቹን ያጫውታል። በአራት ቀን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሲወጣ የተጠየቀበት 449 ዶላር ውድ ነበር፤ ቢሆንም ርካሹ በር ከዚያ በፊት ለዓመታት ተከፍቶ ነበር።

ሶኒ ግን ይህን በር ገና አልከፈተውም። ጂቲኤ 6 ለኖቬምበር 19 ቀን 2026 ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ለፒኤስ4 አይወጣም። ከፒኤስ4 ያልተላቀቀውን ሕዝብ የሚያስነሣ ጌም ካለ ይህ ነው፤ ያ ሰው ሱቅ ሲሄድ ማግኘት ያለበት ባለ 300 ዶላር ፒኤስ5 ነው። ያን ዕለት የገዛ ሰው ደግሞ በዓመቱ ማሽንህ አርጅቷል ሊባል አይገባም። ለኔ 2028 ራሱ ችኮላ ነው፤ 2029 ወይም 2030 ቢሆን የሚጎዳ አይታየኝም። ማይክሮሶፍት ግን የሚጠብቅ አይመስልም። ኤክስቦክስ በሽያጭ ከፕሌይስቴሽን ርቆ ቀርቷል፤ የተቀደመ ሰው ጨዋታው ቶሎ አልቆ አዲስ ቢጀመር ይወዳል። ይጀምረው፣ መብቱ ነው። የኔ ስጋት ሶኒ ደንግጦ እንዳይከተለው ነው።