ያልጋገሩበትን ምጣድ ማሻሻጥ

ማክሰኞ ማታ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ዌብሳይት ከፍቻለሁ፤ እስቲ አማርኛውን ይዩልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሥራ ፍለጋ ያልረገጠው ደጅ የለም። ቡና አስፈልቼ አጠገቤ አስቀመጥኩትና ማንበብ ጀመርኩ።

አማርኛው ደህና ነው። አሥር የወጥ ቤት ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ወደ አንድ የውጭ ሱቅ የሚወስድ ሊንክ አለ። ከየሊንኩ በላይ ደግሞ «እኔ ራሴ ለስድስት ወር ተጠቅሜበታለሁ፤ ምርጥ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። አሥሩም ላይ ያው ነው። ሦስተኛው ዕቃ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር።

«ይህን ምጣድ ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«አላገኘሁትም። ፎቶውን ከሱቁ ገጽ ላይ ነው ያወረድኩት።»

«ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ ምን ጋገርክበት?»

አቀረቀረ። ቡናውን ሳይጠጣ ትንሽ ቆይቶ ነገሩን ዘረዘረልኝ። 5,000 ብር ከፍሎ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዷል። አሠልጣኙ «መጀመሪያ ኮሚሽኑ ከፍ ያለውን ምረጡ፤ ቀጥሎ ተጠቅሜበታለሁ ብላችሁ ጻፉ፤ ሰው የሚገዛው እንደዚያ ሲባል ነው» ብሎ አስተምሯቸዋል። ገንዘቡን ያበደረችው እናቱ ናት፤ ከዕቁብ።

ሳምንቱን ሙሉ ሲያበሳጨኝ የሰነበተው ይህ ነው። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ «ቤትህ ተቀምጠህ በዶላር ክበር» ከሚሉት አሠልጣኞች ጋር ያለኝን ጠብ ታውቃላችሁ። ጠቡ ዛሬም አልበረደም። እንዲህ ያለው አሠልጣኝ ገቢው የልጆቹ 5,000 ብር ነው። ለእነሱ የሚቀርላቸው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሥራው ራሱ ግን ክፉ ሥራ አይደለም። አፊሊየት የሚሉት ነገር ባማርኛ ድለላ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ስለ አንድ ዕቃ ትጽፋለህ፤ ሊንኩ ውስጥ ያንተ መለያ አለ፤ አንባቢው በዚያ በኩል ሄዶ ሲገዛ ሱቁ ከሽያጩ ላይ ድርሻህን ይሰጥሃል። አማዞን ገና መጽሐፍ ሻጭ በነበረበት ዘመን፣ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ይህን በር ለዌብሳይት ባለቤቶች ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከሆስቲንግ ድርጅት እስከ ትምህርት ሻጭ፣ ከሆቴል ማስያዣ እስከ ጫማ ሱቅ ድረስ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ያለው ነጋዴ ብዙ ነው። ገበያ ባለበት ሁሉ ደላላ አለ፤ መርካቶም ያለ ደላላ ውሎ አያድርም።

ስለ ደላላ ካነሳሁ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ከሃያ ዓመት በፊት ቀበና አካባቢ የሚከራይ ቤት ስፈልግ አንድ ሸምገል ያሉ ደላላ ይዘውኝ ገቡ። ቤቱ ደስ ይላል፤ ዋጋውም ለደመወዜ የሚሆን ነው። አከራይዋ ቁልፍ ልታመጣ ወጣ ስትል ሽማግሌው እጄን ያዙና ወደ መኝታ ቤቱ ጥግ ወሰዱኝ። «ቀና በል፣ የኔ ልጅ። ኮርኒሱን እየው» አሉኝ። ቀና አልኩ። አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ከቀለሙ ሥር ግን እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ክብ በስሱ ይታያል። «ክረምት ሲመጣ እዚህ ጋ ያፈሳል። ልብስህንም መጽሐፍህንም ያበላሽብሃል። ለኮሚሽን ብዬ አላስገባህም» አሉኝ። በዚያ ቀን ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ቤት አገኙልኝ። ከዚያ በኋላ ወንድሜን ላክሁላቸው፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ላክሁላቸው፤ እነሱም ሌላ ሰው ላኩ። ሲሞቱ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ግማሹ ሰው እሳቸው ያከራዩት ነበር።

ሰውዬው የሚያሻሽጡት ቤት ነበር፤ የሚኖሩት ግን ሰው ስላመናቸው ነው። ስለ አፊሊየት የማውቀው ሁሉ ከዚያ ኮርኒስ ሥር የተማርኩት ነው።

ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ነርስ ናት፤ ማታ ማታ እንጀራ ስለ መጋገር በአማርኛ የምትጽፍበት ዌብሳይት አላት። እዚያ ያሉ እህቶቻችን በብዛት ከሚጋግሩበት ምጣድ አንዱ ለእንጀራ የተሠራ አይደለም። አይዋ ግዛት ውስጥ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ቤተኒ የሚባል ድርጅት፣ ሌፍሰ ለተባለው የኖርዌይ የድንች ቂጣ ብሎ የሠራው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ስፋቱ 16 ኢንች ነው፤ እስከ 500 ዲግሪ ፋራናይት ይግላል። የኛ ሰው ሲያየው «ይኼማ ምጣድ ነው!» ብሎ ወሰደው።

የአክስቴ ልጅ ስለዚህ ምጣድ የጻፈችውን አንብቡና ፍረዱ። መጀመሪያ የለጠፈችው የተበላሹባትን ሦስት እንጀራዎች ፎቶ ነው፤ መሃሉ ዓይን ያላወጣ፣ ዳር ዳሩ ደርቆ የተሰነጠቀ። ቀጥላ ሙቀቱን የት ላይ እንዳደረገችው፣ ሊጡን ምን ያህል እንዳቀጠነችው ጽፋለች። እንደ ሸክላ ምጣድ በጎመንዘር ማሟሸት እንደማያስፈልገው፣ አክንባሎ ግን አብሮት ስለማይመጣ ለብቻው መፈለግ እንዳለበት ተናግራለች። ከዚያ በደማቅ ፊደል እንዲህ ትላለች፦ «ይህን ምጣድ ሀገር ቤት ላሉ እናቶቻችሁ ገዝታችሁ አትላኩ። የተሠራው ለአሜሪካ 120 ቮልት ነው፤ እዚያ 220 ነው፤ ይቃጠልባቸዋል።» ከሊንኩ በላይ ደግሞ፦ «በዚህ በኩል ከገዛችሁ ሱቁ ለኔ ጥቂት ይከፍለኛል፤ የናንተ ዋጋ አይጨምርም።»

አትላኩ በማለቷ ስንት ሽያጭ እንደቀረባት አስቡት። ለእናቱ ምጣድ መላክ የማይፈልግ ስደተኛ የት አለ? እሷ ግን ኮርኒሱን አሳየች።

የጎረቤቴ ልጅ ለአዲስ አበባ ሰው «ስድስት ወር ተጠቅሜበታለሁ» ብሎ የጻፈለት ምጣድ ያው የ120 ቮልት ምጣድ ነው። አምኖት ያስመጣ ሰው ቀረጥ ከፍሎ፣ ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ የጭስ ሽታ ያተርፍ ነበር። ይህን ስነግረው ልጁ ደነገጠ። ክፋት የለበትም፤ ያላየውን ዕቃ ቮልት ከየት ይወቀው?

«ጋሼ፣ ታዲያ እንዴት ልምረጥ?» አለኝ። እኔም ለአክስቴ ልጅ ስልክ ደውዬ አገናኘሁት፤ አንድ ሰዓት አወሩ። ከነገረችው ውስጥ እኔን የመሰጠኝን ላካፍላችሁ።

ፕሮግራም ከመምረጥህ በፊት ዕቃውን ምረጥ አለችው። ቤትህ ውስጥ ምን አለ? ምን ትጠቀማለህ? ለእህትህ «ግዢ» የምትላት፣ ለሌላ ሰው ደግሞ «አንተ ተወው» የምትለው ዕቃ የትኛው ነው? ከዚያ በኋላ ሻጩ ፕሮግራም እንዳለው ጠይቅ። የኮሚሽኑ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። ክሊክባንክን በመሰሉ የአፊሊየት ገበያዎች ከሽያጩ እስከ 75 በመቶ ለአሻሻጩ የሚተዉ ሻጮች አሉ። ያን ያህል ለደላላ የሚሰጥ ነጋዴ ዕቃውን ለመሥራት ስንት እንዳወጣ ገዢው ራሱ ይጠይቅ። እሷ ስትጀምር አማዞን ለወጥ ቤት ዕቃ የሚከፍለው 4.5 በመቶ ነበር፤ የ150 ዶላር ምጣድ ሲሸጥ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ማለት ነው። ሊንኩን የነካ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከዚያው ሱቅ ዳይፐርም ሳሙናም ቢገዛ ጥቂት ይታሰብላታል፤ ከ24 ሰዓት ወዲያ ግን መብቷ በአብዛኛው ያበቃል። ሌሎች ፕሮግራሞች 30 ቀን፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይቆጥራሉ። ይህን ሳያነብ የተመዘገበ ሰው ስምምነቱን ሳያይ እንደፈረመ ነው።

ገንዘቡ እጅህ የሚገባበትን መንገድ ሳታውቅ አንድ መስመር አትጻፍ አለችው። አማዞን ሽያጩ የተደረገበት ወር ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚከፍለው። አዲስ ተመዝጋቢ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካላመጣ ይሰረዛል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በፔይፓል ወይም በውጭ ባንክ ሒሳብ ይከፍላሉ፤ አዲስ አበባ ለተቀመጠ ልጅ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። አሠልጣኙ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳላቸውም።

ደግሞም በአንድ ሱቅ ላይ ብቻ አትንጠልጠል አለችው። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ.፣ ዓለም በወረርሽኝ ቤቱ ተቀምጦ በነበረበት ወቅት፣ አማዞን የፈርኒቸር ኮሚሽንን ከ8 ወደ 3 በመቶ፣ የግሮሰሪን ከ5 ወደ 1 በመቶ አወረደው። በዚያ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ዌብሳይቶች ገቢያቸው በአንድ ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«እውነት ብቻ ከጻፍክ አይሸጥም» ለሚል አሠልጣኝ መልሴ አጭር ነው። ዋየርካተር የሚባለውን ዌብሳይት ይመልከት። በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ ሥራው ዕቃ ገዝቶ መፈተሽ፣ የተሻለውን መንገር፣ ከሊንኩ ኮሚሽን መቀበል ነው። ያመሰገነውን ዕቃ ጉድለትም ይጽፋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይምስ በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከፍሎት የሚያመሰግን ሰው መከፈሉን በግልጽ እንዲናገር ያዛል። የኛው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ተጠቅሜበታለሁ» ብሎ ያልተጠቀመ ሰው ከዚህ በላይ ምን ሊያሳስት ይችላል?

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ሌላ ነገር ከነከነኝ። «ደላላ» የሚለውን ቃል ስድብ ያደረግነው እኛው ነን። የሚዋሸውንም፣ እንደ ቀበናው ሽማግሌ ጎትቶ ኮርኒስ የሚያሳየውንም በአንድ ቃል ሰደብናቸው። ሙያውን ስላዋረድነው ሙያው ሥነ ምግባር እንዳለው ለልጆቻችን አልነገርናቸውም። ሻጭንና ገዢን በእውነት ማገናኘት ድካም አለው፤ ዕቃ ማወቅ፣ ሰው ማወቅ፣ ጥቅም የሚያስቀርን ቃል መናገር ይጠይቃል። ይህን ያላስተማርናቸው ልጆች ከሦስት ቀን አሠልጣኝ «ዋሹ» የሚል ትምህርት ገዙ። ከልጆቹ ይልቅ ጥፋቱ የኛ የታላላቆቹ ነው። ኮሚሽን የሚያሳፍር ገንዘብ አይደለም። የሚደበቅ ኮሚሽን ግን ያሳፍራል።

ሐሙስ ልጁ ተመልሶ መጣ። አሥሩንም ዕቃዎች ከገጹ ላይ አጥፍቷል። በምትካቸው አንድ ጽሑፍ ብቻ አለ፤ ዌብሳይቱን ስላስቀመጠበት የሆስቲንግ ድርጅት። ከራሱ ኪስ አራት ወር የከፈለበት ነው፤ ከጉምሩክ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ቮልትም አይጠይቅም። ሁለት ጊዜ እንደተቋረጠበት፣ አንዴ ለስድስት ሰዓት ያህል፣ ጽፏል። በኢትዮጵያ ካርድ ለመክፈል የደረሰበትን ውጣ ውረድ ደረጃ በደረጃ ዘርዝሯል፤ ይህን ማንም የውጭ ሰው ሊጽፍለት አይችልም። ከሥሩ «በዚህ ሊንክ ከተመዘገባችሁ ድርጅቱ ኮሚሽን ይከፍለኛል» የሚል መስመር አለ። እስከ ዛሬ የተመዘገበለት ሰው የለም። ቢሆንም ዓርብ ማታ አንድ የማያውቀው ሰው ስለ ካርዱ ጉዳይ ጽፎ ጠየቀው፤ ቁጭ ብሎ መለሰለት።

አንባቢዎቼ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንድ ሰው ዕቃ ሲያመሰግንላችሁ ሊንኩን ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ። የዕቃውን ጉድለት ጽፏል ወይ? ኮሚሽን እንደሚያገኝ ተናግሯል ወይ? ሁለቱንም ካገኛችሁ በዚያው ሊንክ ግዙለት፤ የድካሙ ዋጋ ነው። ካላገኛችሁ ገጹን ዝጉት።