የማታው ጡጦና የጠዋቱ ፍራሽ

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ከኮንዶሚኒየም ግቢ ሲወጣ ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው በረንዳ ላይ የተሰጣች ትንሽ ፍራሽ አያጣም። ለምን እንደተሰጣች ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። የሦስት ዓመቱ ባለ ፍራሽም ያውቃል፤ ከነቃ ጀምሮ «ሽንታም» እየተባለ ነው። በአንዳንድ ቤት ቀበቶም ይነሳል። «ትናንት በእሳት ሲጫወት አይቼዋለሁ» የምትል አክስት ደግሞ አትጠፋም።

ማታ የሆነውን ግን የሚያነሳ የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ አልጋው ላይ ወጥቶ፣ ስኳር የገባበት ሙሉ ጡጦ ወተት ተሰጥቶት፣ እየጠባ ነው እንቅልፍ የወሰደው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲነጫነጭም ግማሽ ጡጦ ተጨምሮለታል።

ሐኪሞች የልጅን የሽንት ፊኛ መጠን ለመገመት የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ ዕድሜው ላይ አንድ ይደመርና በ30 ይባዛል። ለሦስት ዓመት ልጅ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። ትልቁ ጡጦ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የጠጣው ሁሉ ወደ ሽንት ባይለወጥም፣ ከዚህ በኋላ የጠዋቱን ፍራሽ ለማስረዳት እሳት አያስፈልግም።

ጡጦው ቢቀርም እንኳ ሌሊት ሌላ ሕግ አለው። ቀን ፖፖ ላይ መቀመጥ ልጅ የሚማረው ነገር ነው፤ ያየዋል፣ ይለምደዋል፣ ሲሳካለት ይኮራል። ሌሊት ደርቆ ማደር ግን በአመዛኙ የአካል መብሰል ነው። ኩላሊት ሌሊት ላይ ሽንት እንዲቀንስ የሚያደርገው ሆርሞን በሁሉም ልጅ ላይ እኩል ጊዜ ሥራውን አይጀምርም፤ ፊኛው ሲሞላ ከእንቅልፍ የሚያነቃው ምልክትም እንደዚያው። በአምስት ዓመታቸው እንኳ ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ሌሊት ይሸናሉ። ሐኪሞች ከአምስት ዓመት በፊት ይህን በሽታ ብለው የማይጠሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ተኝቶ ባደረገው ነገር የተገረፈ ልጅ ያልተማረውን ፈተና ወድቀሃል የተባለ ነው።

ታዲያ ወላጅን ምን ያስቸኩለዋል? አንዱ ኬጂ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ዳይፐር ያደረገ ልጅ አይቀበልም፣ ምዝገባው ደግሞ ደርሷል። (ልጁ ሌሊት እንዴት እንደሚያድር የሚፈትን ኬጂ ግን የለም። ቀኑ ከተስተካከለ ይበቃል።) ሌላው የዳይፐር ዋጋ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ አንዱን እሽግ ለማንሳት ሁለቴ የማያስብ ደመወዝተኛ ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየቀኑ አንሶላ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ ያጠበ ያውቀዋል። የትልቁ ሰው ጭንቀት እውነተኛ ነው። ስህተቱ ሂሳቡን ለልጁ ማቅረብ ነው።

ጡጦውስ እንዴት የቤቱ ባለሥልጣን ሆነ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሦስት ወር ሲሞላ እናት ወደ ሥራ፣ ጡጦ ወደ ቤት። በሦስት ዓመቱ ጡጦው ምግብ መሆኑ ቀርቶ ማስተኛ ሆኗል። ሞግዚቷ ሥራዋን የምትጨርሰው በእሱ ነው፤ ከሜክሲኮ ሰሚት ታክሲ ተሰልፋ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምትገባው እናትም ትንሽ እፎይታ የምታገኘው በእሱ ነው። ይህችን እናት ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ያንን ሰልፍ ቆሞበት የማያውቅ መሆን አለበት። ግን ልማዱን የጀመሩት ትልልቆቹ ከሆኑ፣ የማስጣሉም ሥራ የእነሱ ነው።

መጣል ያለበት ለአልጋው ሲባል ብቻም አይደለም። ልጅ ሲተኛ ምራቁ ስለሚቀንስ፣ ስኳር ያለበት ወተት ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ ላይ ያድራል። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጠቁረው የሚታዩ ሕጻናት ብዙውን ጊዜ የማታ ጡጦ ልጆች ናቸው። በጡጦ ሻይ መስጠትማ ይብሳል፤ ሻይ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ይነሳል።

ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄዱም አሉ። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጠብታ ውሃ የሚከለከልበት ቤት አለ። ይህ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ሙቀት ላይ ሲሆን አደጋ ነው፤ በቀዝቃዛ አገርም ቢሆን አይጠቅምም። ውሃ ያነሰው ልጅ ሆዱ ይደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ደግሞ ፊኛውን እየተጫነ ሽንቱን ያባብሰዋል። መቀየር ያለበት የመጠጡ ሰዓት ነው። ጠዋትና ከሰዓት በደንብ ይጠጣ። ወተቱ ከእራት ጋር፣ ቁጭ ብሎ፣ በኩባያ ይሁን። ከመተኛቱ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ወተትም ሻይም ይብቃ፤ ጥርስ ይታጠብ፣ ፖፖ ላይ ይቀመጥ፣ ተረት ይሰማ፣ ከመተኛቱ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ ይቀመጥ። ጠማኝ ካለ ሁለት ጉንጭ ውሃ ምንም አያደርገውም። ጡጦውን በአንድ ሌሊት መንጠቅም ግድ አይደለም፤ በየሦስት አራት ቀኑ ወተቱን በሩብ እየቀነሱ መሄድ ይቻላል።

ያለቅሳል። ጥቂት ሌሊት አምርሮ ያለቅሳል። የሚያለቅሰው ለወተቱ ሳይሆን አብሮት ይተኛ ለነበረው ነገር ስለሆነ፣ በምትኩ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። አባትየው ስልኩን አስቀምጦ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚፈርሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት ነው፤ አያት አንጀቷ አልችል ብሎ ተደብቃ ጡጦውን ትሰጠዋለች፣ ልጁም በቂ ካለቀሰ እንደሚያገኝ ይማራል። ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊት የቤቱ ሰው ሁሉ መስማማት ያለበት። ሞግዚቷም ጭምር፤ ብዙውን ጊዜ «ከዛሬ ጀምሮ ጡጦ የለም» ተብላ ትታዘዛለች እንጂ ምክንያቱን የሚነግራት የለም፣ ልጁ ሲጮህ ግን ብቻዋን የምትቀረው እሷ ናት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አልጋው ሊርስ ይችላል። ፍራሹ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ፣ ለሌሊት ብቻ ዳይፐር ወይም የድሮውን ጨርቅ መጠቀም ሽንፈት አይደለም። ቀን ጎበዝ ሆኖ ሌሊት ሌላ አንድ ዓመት ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ ሞልቷል፤ ጎረቤት ማወቅም የለበትም።

አንድ ነገር ግን ችላ አይባልም። ለወራት ደርቆ ያድር የነበረ ልጅ ድንገት መሽናት ከጀመረ፣ ቀንም ሌሊትም ውሃ ውሃ ካለ፣ እየበላ ከከሳ፣ ጉዳዩ የጡጦ ልማድ ላይሆን ይችላል። የስኳር በሽታ በሕጻናት ላይ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፤ «ማታ አትጠጣ» ብሎ መከልከል ደግሞ ልጁን ለከፋ አደጋ ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ የደም ስኳሩ ከጣቱ ጫፍ በምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም በደቂቃ ይታወቃል።