ችግኙ ተቆጠረ፤ ባለሙያዋስ?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር 200 ሚሊዮን ችግኝ ሊተከል ታቅዶ ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። ቁጥሩ እውነት ነው ወይስ የተጋነነ? ምን ያህሉስ ጸደቀ? ችግኙን ከዘር አንስቶ ለጉድጓድ ስላበቃው ሰው ግን የሚያነሳ ብዙም የለም።

ያ ሰው በብዙ ጣቢያዎች በቀን ሒሳብ የምትሠራ ሴት ናት። አፈር ትነፋለች፣ ከአሸዋና ከኮምፖስት ጋር ታደባልቃለች፣ ፕላስቲክ ትሞላለች፣ ውኃ ታጠጣለች። መዝገቡ ላይ «የጉልበት ሥራ» ይባላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ጉልበቱ ትንሹ ክፍል ነው። ቡቃያው ከዘር መደብ ተነቅሎ ወደ ፕላስቲኩ ሲዛወር ሥሩ ከታጠፈ ለጊዜው ማንም አያውቅም፤ ጉዳቱ የሚታየው ዛፉ ከዓመታት በኋላ ሲቀጭጭ ወይም ነፋስ ሲጥለው ነው። ሥሩ ከፕላስቲኩ ሾልኮ መሬት እንዳይዝ በየጊዜው ካልተቆረጠ፣ ለተከላ ሲነሳ ይበጠሳል። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ጥላው ተነስቶለት፣ ውኃው እየተቀነሰ ፀሐይ ካልለመደ ደግሞ ከጣቢያው አረንጓዴ ሆኖ ወጥቶ ተራራ ላይ ይደርቃል። ከዚያ «ዝናቡ አጥሮ ነው» ይባላል። (አንዳንዴ እውነትም ያጥራል።)

ይህ ሙያ ነው። ሙያ ከሆነ ሥልጠናም፣ ምዘናም፣ የሚመጥን ክፍያም ያስፈልገዋል።

አገሪቱ ማሠልጠን አታውቅም ማለት አይደለም። ወንዶ ገነት የደን ባለሙያ ሲያፈራ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ እንደ አላጌ ያሉ የግብርና ኮሌጆችም ለቀበሌ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ያሠለጥናሉ። ነገር ግን በሩ የሚከፈተው የትምህርት ማስረጃ ላለው ነው። የወይራን ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ሰንጥቃ ማብቀል የምትችል፣ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት በየት ትግባ?

ሥልጠና ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የአዳማ ወይም የቢሾፍቱ ሆቴል አዳራሽ፣ ፓወርፖይንትና አበል ነው። ገብቶ የሚወጣውም ቢሮ ያለው ሰው ነው። ለችግኝ ጣቢያ የሚሆነው ሌላ ነው። ሥልጠናው እዚያው ጣቢያው ውስጥ፣ ቡቃያ በሚዛወርበትና ሥር በሚቆረጥበት ሰሞን፣ በሠራተኞቹ ቋንቋ ቢሰጥ ይበቃል። የሲኦሲ ምዘናውም በወረቀት ሳይሆን በእጅ ይሁን፤ መቶ ቡቃያ አዛውሪ፣ እንይ። ያለፈችው የምስክር ወረቀቷን ይዛ ከተራ የቀን ሠራተኛ ከፍ ባለ ሒሳብ ትቀጠር።

«ካሠለጠንናት ጥላን ትሄዳለች» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። አሁንስ መች ትቆያለች? ተከላው ሲያልቅ በጀት የለም ተብላ ትሰናበታለች፤ በሚቀጥለው ዓመት መደብ ሲወጣ በቦታዋ አዲስ ሰው ይቀጠራል። አዲሷም ቡቃያ ማዛወርን ማንም ሳያሳያት ትጀምራለች።