የቡሬ ተመልካች ምን በደለ?

«የክፍለ ሀገር ተመልካች ፊልም አይገባውም፤ ደምና ሩጫ ካየ በቃው» የምትለዋን ዘፈን ስንሰማ ኖረናል። ዘፋኞቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው ማኪያቷቸውን እየጠጡ፣ ከአሜሪካ ድረ ገጽ የመቶኛ ቁጥር ቀድተው «ዓለም ያደነቀውን ፊልም የኛ ሰው ሳቀበት» እያሉ የሚያዝኑልን ወዳጆቻችን ናቸው። ሐዘናቸው ደርሶናል፤ ግን ገና አልሞትንም! ከመካከላችን የምዕራብ ጎጃም ልጆች ስላለን፣ ፊልሙንም ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ከሰው ጋር ተቀምጠን ስላየነው፣ ጥቂት እንነጋገር።

ነገሩ «ከ28 ዓመታት በኋላ» ስለተባለው የእንግሊዞች የዞምቢ ፊልም ነው። ዳኒ ቦይል እ.ኤ.አ. በ2002 «ከ28 ቀናት በኋላ»ን ሠራ። በ2007 ሌላ ዳይሬክተር «ከ28 ሳምንታት በኋላ»ን አስከተለ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ቦይልና ጸሐፊው አሌክስ ጋርላንድ ተመልሰው መጡና ይኼን ተከታይ ክፍል አወጡ። ሰውን በሰከንዶች ውስጥ አውሬ የሚያደርግ ቫይረስ ብሪታንያን ከመታት 28 ዓመት ሆኖታል፤ ዓለም በሩን ዘግቶባታል። የተረፉ ጥቂት ሰዎች፣ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ በሚገለጥ መንገድ ከዋናው ምድር በምትገናኝ ትንሽ ደሴት ይኖራሉ። ስፓይክ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ የታመመች እናቱን ይዞ ሐኪም ፍለጋ ይወጣል። (እነዚህ ሕሙማን ሞተው የተነሡ አይደሉም፣ በሕይወት ያሉ ናቸው። ስለዚህ «ዞምቢ ናቸው፣ አይደሉም» የሚል የማያልቅ ክርክር አለ። የኛ ሰው ክርክሩን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዘግቶታል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብሎ።)

ተቺዎቹ ወደዱት። ሮተን ቶሜቶስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ከመቶው ተቺ ዘጠና የሚጠጋው አመሰገነው፤ ተራው ተመልካች ግን ስድሳዎቹ ላይ ቀረ። ይህ እንግዲህ በአብዛኛው የአሜሪካ ተመልካች ነው! የኒው ዮርክ ሰው ሲያኮርፍ «የአመለካከት ልዩነት» ይባላል፤ የቡሬ ሰው ሲያኮርፍ «አልገባውም» ይባላል። ይቺ ሚዛን ከየት መጣች?

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ፊልሙ ውስጥ ዶክተር ኬልሰን የሚባል ሰው አለ፤ የሚጫወተው ሬፍ ፋይንስ ነው። ገላውን አዮዲን ተቀብቶ ብርቱካን መስሎ፣ የታመመውንም ያልታመመውንም ሬሳ ለዓመታት እየሰበሰበ ያቃጥላል። አጥንታቸውን አጽድቶ እንደ ምሰሶ ያቆማል፤ የራስ ቅሎቹን ከምሮም ማማ ሠርቷል። የስፓይክ እናት የማይድን ካንሰር እንዳለባት ይነግራትና፣ በፈቃዷ በመድኃኒት ያሳርፋታል። ቀጥሎ የራስ ቅሏን አጽድቶ ለልጁ ይሰጠዋል። ልጁም ማማው ላይ ወጥቶ፣ ፊቷን ፀሐይ ወደምትወጣበት አዙሮ ጫፉ ላይ ያስቀምጣታል። ተቺዎቹ ልባቸው የተነካው እዚህ ላይ ነው፤ ዘግናኝ ፊልም ሞትን በፍቅር አየበት ብለው ያሞገሱትም ይኼንኑ ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ ሰው የዘገነነውም እዚሁ ላይ ነው። ግዙፉ ሕመምተኛ የሰው አንገት ከነሰረሰሩ ሲነቅል ሻዩን ፉት ሲል የነበረ ሰው፣ የእናትየው ራስ ቅል ሲመጣ ፊቱን አዞረ። ለምን አይቀብራትም? ቄስ የለ፣ አፈር የለ፣ ልጅ የእናቱን ራስ ተሸክሞ መሰላል ይወጣል እንዴ? «በመድኃኒት አሳረፋት» የሚለውንም የተቀበለው አልነበረም፤ ገደላት ነው የተባለው። ልብ በሉልን! ተቺውም የኛ ሰውም የፊልሙ ልብ የት እንዳለ አላጡትም። ሁለቱም ጣታቸውን ያሳረፉት አንድ ቦታ ላይ ነው። አንዱ አለቀሰ፣ አንዱ ተቆጣ። ፊልም ያልገባው ሰው እኮ በተሳሳተው ቦታ ነው የሚቆጣው።

«ኋላቀርነት ነው፣ አጥንት ይፈራሉ» የሚል እንዳይነሣ ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። በዚህ አገር አጥንት እንግዳ አይደለም። የቅዱሳን ዐፅም ከቦታ ቦታ በክብር ይፈልሳል። ላሊበላ አካባቢ ያለውን የይምርሃነ ክርስቶስን ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሁሉ ከኋላው የተከማቸውን ዐፅም አይቷል። የጎጃም ሰው የጠየቀው ሌላ ነው፤ ወጉ የት ሄደ ነው ያለው። ፍትሐት፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት የሚቆጥር ሕዝብ ነው። ሰው ርቆ ሄዶ ሲሞትና ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ ልብሱን ዘርግቶ የሚያለቅስ ሕዝብ ነው። ለዚህ ሰው ሞት አያስፈራም አንልም፤ ከሞት በላይ የሚያስፈራው ግን ያላረፈ ሙት ነው።

ዞምቢ ለኛ የውጭ ተረት ነው የሚሉም ተሳስተዋል። ቡዳ የበላው ሰው ከተቀበረ በኋላ ከመቃብር ወጥቶ ለቡዳው ሰባት ዓመት በባርነት ያገለግላል የሚለውን ሳይሰማ ያደገ የገጠር ልጅ አለ? የሄይቲ ሰዎች መጀመሪያ ዞምቢ ያሉትም ይኼንኑ ነበር፤ ከመቃብር ወጥቶ ለሌላው የሚለፋ ሙት። ሰው የሚበላው ዞምቢ የመጣው ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ከሠራው ፊልም ወዲህ ነው። (በዚህ በቡዳ ወሬ ሰበብ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ስንት ግፍ እንደተሸከመ እናውቃለን፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።) ብቻ ሯጩ ዞምቢ የቡሬን ሰው ካላስደነገጠው፣ ምናልባት ከዚያ የባሰ ስለሚያውቅ ይሆናል።

አሁን ወደ ሳቁ። አዎ፣ መጨረሻው ላይ ተስቋል። ወርቃማ ፀጉር ያስረዘሙ፣ ቱታ የለበሱ ወንበዴዎች እየተገለባበጡ ዞምቢ ሲያርዱ ማን አይስቅም? እንግሊዞቹ አልሳቁም፤ ምክንያቱም አለባበሱ ጂሚ ሳቪልን ያስታውሳቸዋል። ሳቪል በቢቢሲ የልጆች ወዳጅ ተብሎ የኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሞተ በኋላ ግን ሕፃናትን ጭምር ሲደፍር መኖሩ የተጋለጠ ሰው ነው። በፊልሙ ዓለም ሥልጣኔ የቆመው በ2002 ስለሆነ ጉዱ አልወጣም፤ ልጆቹ እንደ ጀግና ያስመስሉታል። ብልህ ሐሳብ ነው፣ አንክድም። ግን የጃቢ ጠህናን ገበሬ ሳቪልን ከየት ያውቀዋል? የቴክሳስ ሰውስ? አሜሪካዊውም ግራ ገብቶት ነው የወጣው። ያልተነገረውን ቀልድ ባለማወቁ ተመልካች አይፈረድበትም። በዚያ ላይ የኛ ሰው ፊልሙን የሚያየው በፍላሽ አስጭኖ፣ አንዳንዴም ተርጓሚው ከላይ እየተናገረበት ነው፤ ግማሹ ንግግር እዚያው ይቀራል።

የተቺ ቃል እንደ ወንጌል ለሚጠቀስላቸው ደግሞ አንድ ታሪክ እንጨምር። ሮሜሮ የመጀመሪያውን ፊልሙን በ«የሙታን ንጋት» ሲያስከትል፣ የኒው ዮርክ ታይምሷ ጃኔት ማስሊን እ.ኤ.አ. በ1979 ከ15 ደቂቃ በላይ መቀመጥ እንዳልቻለች ራሷ ጻፈች። ዛሬ ያ ፊልም ከዘርፉ ታላላቆች አንዱ ነው። ማንም «ማስሊን ፊልም አይገባትም» አላላትም። ስሜቷ ነው ተባለ፣ ታለፈ። ለማስሊን የተፈቀደ ፊት ማዞር ለቡሬ እናት ለምን ይከለከላል?

አሁን የሚያናድደንን እንናገር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የሆስፒታል ሠራተኞች ለዓለም ዜና አውታሮች ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ፣ የወንድሙን መርዶ ከሳምንታት በኋላ የሰማ፣ አፈር ሳያለብስ የቀረ ሰው በየቤቱ አለ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ዓለም በሩን ስለዘጋበት አገር፣ ስላልተቀበረ ሙትና እናቱን ስላልቀበረ ልጅ የተሠራ ፊልም ፊት የተቀመጠው። ለንደን ያለው ተቺ ስለ ብሬግዚትና ስለ ኮሮና ምሳሌ እየፈለገ ሲጽፍ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳሌ ፈላጊ አልነበረም። አንዳንዱ ተነሥቶ ወጣ። አንዳንዱ እስከ መጨረሻው አይቶ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ ነው ባለቱታዎቹ የመጡትና ሳቅ የፈነዳው። እሱን ሳቅ ነው እንግዲህ «መሃይምነት» ያላችሁት።

ፊልሙን መጥፎ ነው አላልንም፤ ከመካከላችን በጣም የወደደውም አለ፣ የልጁን ትወና ማንም አልነቀፈም። ቀጣዩ ክፍል በኒያ ዳኮስታ ዳይሬክተርነት በጥር 2018 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ስሙም «የአጥንት ቤተ መቅደስ» ነው። ያው የራስ ቅሉ ክምር ማለት ነው! እሱንም አይታችሁ የጎጃምን ሰው ለመዝለፍ ብዕር የምታነሡ ወዳጆቻችን፣ መጀመሪያ ቡሬ ድረስ ኑ፤ ሻዩ በኛ ነው።