«የለም» ማለትም ግኝት ነው

ያ የዳሎል ፎቶ ሰሞኑን እንደገና እየዞረ ነው። ቢጫና አረንጓዴው ኩሬ፣ ከሥሩ ደግሞ «ሕይወት ሊኖርበት በማይችል ቦታ ሕይወት ተገኘ፣ ኢትዮጵያ ዓለምን አስደነቀች» የሚል ጽሑፍ። ካጋሩት ውስጥ እኔ ራሴ ባዮሎጂ ያስተማርኳቸው ልጆች አሉበት። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ፣ ወሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2019 በፌሊፔ ጎሜዝ የሚመራ የስፔን ቡድን «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» ላይ ጥናት አወጣ። ከዳሎል በወሰድነው የጨው ናሙና ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘን አሉ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ክብ ክብ ቅርጾች አይተዋል፣ የዲ.ኤን.ኤ ምልክትም አግኝተዋል። ቦታው ላይ ያለው ውሃ ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ፣ በጨው የጠገበ፣ ፒኤቹ ዜሮ አካባቢ የሆነ አሲድ ነው። እውነት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ዜናው ዓለምን ዞረ፣ እኛም አጋራነው።

ያላጋራነው ከአምስት ወር በኋላ የመጣውን ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2019 በፈረንሳይ የሚሠሩት ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን» ላይ ሌላ ጥናት አወጡ። ከ2016 እስከ 2018 እየተመላለሱ ከብዙ ቦታ ናሙና ወስደዋል። በዘረመል ፈተሹ፣ ለማራባት ሞከሩ፣ በማይክሮስኮፕ አዩ፣ ያዩት ቅንጣት ከምን እንደተሠራም መረመሩ። መልሳቸው ምን ሆነ? እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎችና ማግኒዥየም በበዛባቸው ሐይቆች ውስጥ ሕይወት የለም። ሴል የሚመስሉ ክብ ቅርጾች አሉ፣ ግን የሲሊካ ቅንጣቶች ናቸው፤ ማዕድን ነው። እዚያ የተገኘው ጥቂት ዲ.ኤን.ኤም በአብዛኛው ከላብራቶሪ ዕቃና ከሰው የገባ ሆኖ ተገኘ።

«መሣሪያቸው ሕይወትን ማየት አይችል ይሆናል» እንዳትሉ። እዚያው አካባቢ፣ አሲዱ ቀለል ባለበት የጨው ሜዳና ውሃ ውስጥ፣ እነዚሁ ሰዎች በዚሁ መሣሪያ ብዙ ዓይነት አርኪያ አግኝተዋል። ሲኖር «አለ» ያለ መሣሪያ ነው ሲጠፋ «የለም» ያለው። እኔ ሚዛኑን ሳየው ሁለተኛው ጥናት ያመዝናል።

ይህን ባለፈው ስናገር አንድ ወዳጄ «አንተ ደግሞ የሀገር ስም የሚያስጠራ ነገር ስታይ ያምሃል» አለኝ። ወንድሜ፣ ውሃ እያለ ሕይወት የሌለበት ቦታ በምድር ላይ ብርቅ ነው። ማርስ ላይ ሕይወት የሚፈልጉ ሰዎች «ውሃ ካለ ሕይወት አለ» ማለት እንደማይበቃ ከእኛው ከዳሎል ተማሩ። ይሄ ነው ስም የሚያስጠራው። «አለ» ሲባል የምንኮራ፣ «የለም» ሲባል የምናፍር ከሆነ የኮራነው በዳሎል ሳይሆን በርዕሱ ነው።

ሌላው ደግሞ «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ካልተስማሙ ማንን እንመን?» ይላል። እሱን በሌላ ታሪክ ልመልስለት። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ናሳ መግለጫ ጠራ። ፌሊሳ ዎልፍ-ሳይመን የተባለች ተመራማሪ ከካሊፎርኒያው ሞኖ ሐይቅ ያገኘችው ባክቴሪያ በፎስፈረስ ፋንታ አርሴኒክን፣ መርዙን፣ ዲ.ኤን.ኤው ውስጥ ይጠቀማል ተባለ። የኬሚስትሪ ሰዎች ወዲያው ተነሱ፦ እንዲህ ያለ የአርሴኒክ ትስስር ውሃ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፣ እንዴት ዲ.ኤን.ኤ ይሸከማል? ካናዳ የምትሠራው ሮዚ ሬድፊልድ መተቸት ብቻ አልበቃትም። ባክቴሪያውን አስመጥታ አሳደገችው። እ.ኤ.አ. በ2012 የእሷ ቡድንና አንድ የስዊዘርላንድ ቡድን ውጤታቸውን አወጡ፦ ባክቴሪያው አርሴኒክን የሚቋቋም ጎበዝ ነው፣ ግን ያለ ፎስፈረስ አይኖርም። በመጀመሪያው ሙከራ «ፎስፈረስ አልጨመርንም» የተባለው ምግብ ውስጥ በጨዎቹ በኩል የገባ ጥቂት ፎስፈረስ ነበር። «ሳይንስ» መጽሔት ጽሑፉን የሰረዘው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 ነው። ማንንም በማጭበርበር አልከሰሰም፤ ሙከራው መደምደሚያውን አይደግፍም ነው ያለው። ጸሐፊዎቹ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

ታዲያ ማንን እንመን? ማንንም አትመኑ፣ ጠይቁ! መነጻጸሪያው የታለ? ሌላ ሰው ደገመው ወይ? ናሙናው ውስጥ ከውጭ የገባ ነገር የለም ወይ? ነገ አንዱ ተነስቶ «የጣናን እምቦጭ በሳምንት የሚጨርስ መድኃኒት አገኘሁ» ቢለን እኛ የሐይቁ ዳር ሰዎች እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ካልጠበቅነው ገንዘባችንንም ሐይቃችንንም ይዞ ይሄዳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በሳይንስ ግን ዝም ብሎ አይጠራም። የሚያጠራው ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። እኔም የዳሎሉን «ሕይወት ተገኘ» ክፍል ውስጥ በኩራት አስተምሬአለሁ፤ ሁለተኛውን ጥናት ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ከዓመታት በፊት ቅጠል በአልኮል አፍልተን አዮዲን የምናንጠባጥብበትን ሙከራ አሠራሁ። መጽሐፉ «ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል» ይላል። አዮዲኑ የቆየ ነበር መሰለኝ፣ የማንም ቅጠል አልተለወጠም። ሁሉም ግን ከመጽሐፉ ገልብጦ «ተለወጠ» ብሎ ጻፈ፣ ከ5 5 ሰጠሁ። አንዲት ልጅ ብቻ «ቀለሙ አልተለወጠም» ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግኩባትና ከ5 2 ሰጠኋት።

ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ሳይንስ የሠራችው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹን ያየነውን ሳይሆን የሚፈለገውን መጻፍ አስተማርኳቸው። ዛሬ ፎቶውን ሳያጣሩ ሲያጋሩ በምን አፌ ልቆጣ?

መምህራን ጓደኞቼ፣ «አልሆነም» ብሎ ለጻፈ ልጅ ማርክ እንስጥ፤ ለምን እንዳልሆነ ከጠየቀ ደግሞ እንጨምርለት። እናንተም ያን ፎቶ ያጋራችሁ፣ አታጥፉት። ሁለተኛውን ጥናት ከሥሩ ጨምሩበት።

አንቺም ይህን ካነበብሽው ይቅርታ። ማርክሽ ከ5 5 ነው።

ከሰባታሚት