ከዱር የተለቀመ ፍሬና እንጉዳይ በምን ይያዝ?

ስለ አጨዳ፣ ስለ ውቂያና ስለ ጎተራ አሠራር ለገበሬው ብዙ ምክር ይሰጣል። እናቶችና ልጆች ከጫካና ከቁጥቋጦ ለቅመው ስለሚያመጡት ፍሬና እንጉዳይ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ነገሩ እንደ እረኞች ጨዋታ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ አጋም፣ እንጆሪ፣ ኮሽም፣ ዶቅማ፣ እንኮይና ቁርቁራ እህል በሚያጥርበት ወራት ለቤተሰብ ምግብ ደጋፊ ናቸው፤ ሲተርፉም ለገበያ ይቀርባሉ። እንጉዳይ በብዙ ደጋ አገር «የጅብ ጥላ» እየተባለ ቢናቅም፣ በከፋ፣ በሸካና በመዠንግር አካባቢ ዝናብ ሲጥል ከምስጥ ኩይሳና ከወደቀ ግንድ ላይ እየተለቀመ ለወጥ ይውላል።

በእኛ አስተያየት፣ ይህን ምግብ በብዛት የሚያበላሸው በጫካና በቤት መካከል የሚያርፍበት ዕቃ ነው። አንዳንዱ ዕቃ ፍሬውን ያበሰብሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተመጋቢውን ይመርዛል። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ በየቤቱ ጥግ የተጣለው ቅርጫት ነው።

1. ፌስታል ለምን አይስማማም?

ፍሬና እንጉዳይ ከተለቀሙ በኋላም ይተነፍሳሉ። ሲተነፍሱም ሙቀትና እርጥበት ያወጣሉ። በተለይ እንጉዳይ ከክብደቱ ከመቶ 90 ያህሉ ውኃ ስለሆነ፣ አፉ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው በራሱ ላብ ይርሳል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይሟልጫል፤ ሽታውም ይለወጣል። እንጆሪም እርስ በርሱ ተጫጭኖ ጭማቂ ሆኖ ይደርሳል። ፌስታል ጎን የለውምና ከእግር ጋር በተጋጨ ቁጥር በውስጡ ያለው ይጨፈለቃል።

ፌስታል ቀላል ነው፣ ዝናብም አያስገባም የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ዝናብ የማያስገባው ላስቲክ ላብም አያስወጣም። ከዚህም በላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ስላጸደቀ፣ ከወዲሁ ወደ ሌላ መያዣ መመለስ ይበጃል።

2. የኬሚካል ዕቃ ፈጽሞ አይነካ

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ፌስታል አይደለም። በየገጠሩ የአረምና የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ወይም ቆርቆሮ ታጥቦ ለውኃና ለምግብ ሲውል ይታያል። ባለቤቱ «በአመድና በሳሙና አጥቤዋለሁ» ይላል። መድኃኒቱ ግን ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ በማጠብ ተሟጦ አይወጣም። ልጅ ደግሞ የለቀመውን ፍሬ ቤት እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ከዕቃው እያወጣ ሳይታጠብ ይበላል። ስለሆነም ጉዳቱ ቀድሞ የሚያገኘው ልጁን ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ባዶ ሲሆን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ለዚያው መርጫ ውሎ፣ ዕቃው ተበስቶ ከአገልግሎት ውጪ መሆን አለበት። መድኃኒት የተቀባ ምርጥ ዘር የመጣበት ከረጢትም እንደዚሁ ለምግብ አይሆንም። ዘሩ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የሚቀባው ሰው እንዳይበላው ለማስጠንቀቅ ነው። የማዳበሪያ ከረጢትም ትርፍራፊው በስፌቱ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሳይታጠብ ለሚበላ ፍሬ አይመረጥም።

3. ለየዓይነቱ የሚስማማ መያዣ

ሀ. እንጆሪና ዶቅማ፦ ቆዳቸው ስስ ስለሆነ አፈ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ቅርጫት ወይም ሰፌድ ይፈልጋሉ። ክምሩ ከአራት ጣት ባይበልጥ ይመረጣል። ከሥሩ ንጹሕ የኮባ ወይም የእንሰት ቅጠል ይነጠፍ።

ለ. አጋም፣ ኮሽምና እንኮይ፦ ከእንጆሪ ይልቅ ስለሚጠነክሩ በዘንቢል ወይም በመካከለኛ ቅርጫት ሊያዙ ይችላሉ። ጥሬ አጋም ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ስለሚያወጣና ሌላውን ስለሚያጣብቅ ከበሰለው ጋር አይቀላቀል።

ሐ. ቁርቁራ፦ ደረቅ ፍሬ ስለሆነ በንጹሕ ጆንያ ወይም ስልቻ ቢያዝ አይጎዳም።

መ. በለስ፦ እንደ ትግራይ በክረምት በብዛት በሚለቀምበት አገር በጋቢ ወይም በነጠላ መቋጠር ልማድ ሊሆን አይገባም። ጥቃቅን እሾሁ ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ በኋላ ገላን ይወጋል። ቅርጫት ወይም ንጹሕ ባልዲ ይሻላል።

ሠ. እንጉዳይ፦ ሰፊ የቀርከሃ ቅርጫት ይስማማዋል። አፈሩ እዚያው ተጠርጎ፣ ሳይከመር በስሱ ተደርድሮ፣ ከላይ ቅጠል ይልበስ። አገልግል ለእንጀራ እንጂ ለእንጉዳይ አልተሠራም፤ ቆዳ የለበሰና ክዳን ያለው ስለሆነ አየር አያስገባም።

ኮምጣጣ ፍሬ በዚንክ በተለበጠ ወይም በዛገ ቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ማሳደርም አይገባም። ኮምጣጣው ብረቱን እያሟሟ ወደ ምግቡ ያስገባዋል።

4. አንድ ዕቃ ለአንድ ዓይነት

ያጠራጠረ እንጉዳይ ከታወቀው ጋር በአንድ ዕቃ አይግባ። እንጉዳይ በመንገድ ስለሚሰባበር፣ መርዘኛው ከደህናው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ከመርዘኞቹ የአንዳንዶቹ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ሕመሙም ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ስለሚጀምር ቤተሰቡ በሙሉ ከበላ በኋላ ነው የሚታወቀው። የማይታወቀውን አለመልቀም ከሁሉ ይበልጣል። ለአዋቂ ለማሳየት የሚወሰድ ካለ ግን ሳይቆረጥ ከነሥሩ ለብቻው በቅጠል ተጠቅልሎ ይያዝ።

5. ማጠቃለያ

ቅርጫትም ነውር አያጣም። ለመሥራት ጊዜ ይወስዳል፤ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ይሻግታል። ከአገልግሎት በኋላ ታጥቦ በፀሐይ ቢደርቅ ግን ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ የሚከፈልበት ገንዘብም ለሰፈሩ ሠሪ ይገባል። ቆርቆሮና ጀሪካን የሥልጣኔ ምልክት፣ ቅርጫት የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። ስለ ምርጥ ዘርና ስለ መድኃኒት የምናስተምር ባለሙያዎችም ስለ ባዶው ዕቃ ዝም በማለታችን ከስሕተቱ ድርሻ አለን።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ገበሬውን ሲጎበኝ ጎተራውን ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ወደ ጫካ ይዘው የሚወጡትን ዕቃም ይመልከት። ወላጆችም ልጅ ለለቀማ ሲወጣ «ወዴት ትሄዳለህ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ልትይዝ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥንቃቄው ከቤት ሳይወጣ ይጀመር።