ጌታና ባሪያ በሽቦ ላይ

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው የተቃጠለ አምፑል መለወጥን ብቻ ነው። ስለዚህ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች ከዚህ በታች ለሚያገኙብኝ ስሕተት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ቃሉ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ የመመረቂያ ሥራውን እንድናይለት ጥቂቶቻችንን ወደ ላቦራቶሪ ወሰደን። በጠረጴዛው ላይ አራት ትንንሽ ሣጥኖች ተደርድረዋል። በፋብሪካ ውስጥ ሞተር የሚያስነሡ፣ ሙቀት የሚለኩ፣ ቧንቧ የሚከፍቱና የሚዘጉ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ ፒ ኤል ሲ ይሏቸዋል። አራቱንም አንድ ጥንድ ሽቦ ያያይዛቸዋል። በአንዱ ላይ በፕላስተር «ጌታ»፣ በቀሩት ላይ «ባሪያ 1»፣ «ባሪያ 2»፣ «ባሪያ 3» ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል። ይህን ስናነብ ሳቅን። ከመካከላችን አንዱ ግን አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ ያን ዕለት የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

እውነቱን ለመናገር ስሙን ጓደኛዬ አልፈጠረውም። ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. ሞድባስ የሚባለውን የመነጋገሪያ ደንብ ሲያወጣ ሣጥኖቹን በእንግሊዝኛ ጌታና ባሪያ ብሎ ነበር፤ ጓደኛዬ የተረጐመው ያንን ነው። ደንቡ ራሱ ሲያስረዱት ቀላል ነው። በሽቦው ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገር አንድ ብቻ ነው። ጌታ የተባለው በቁጥር እየጠራ ይጠይቃል፤ «ቁጥር 2፣ ሙቀቱ ስንት ደረሰ?» ቁጥር 2 ይመልሳል፤ የቀሩት ዝም ይላሉ። ሳይጠየቅ አፉን የሚከፍት የለም። ቁጥሩ ከ1 እስከ 247 ሊሆን ይችላል። ሁሉም የሚናገሩበት ፍጥነት አንድ መሆን አለበት፤ 9600 ከሆነ ለሁሉም 9600፣ 19200 ከሆነ ለሁሉም 19200 ቢት በሰከንድ። ፓሪቲ የሚሉትም እንደዚሁ። በሽቦው ሁለት ጫፎች ደግሞ 120 ኦም ሬዚስተር ይታሰራል፤ አለዚያ ምልክቱ እንደ ገደል ማሚቶ እየተመለሰ ንግግሩን ይረብሻል።

ያን ዕለት ግን ሣጥኖቹ አልነጋገር አሉ። ጓደኛዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽቦ ሲነቅልና ሲሰካ ቆይቶ ሰበቡን አገኘው። በሦስተኛው ፕላስተር ላይ 3 ይላል፤ በሆዱ የተመዘገበው አድራሻ ግን 2 ነው። ጌታው «ሁለት!» ብሎ ሲጣራ ሁለቱም በአንድነት አቤት ይላሉ፤ ድምፃቸው ይደባለቃል፤ በመልእክቱ መጨረሻ የሚጨመረው መመርመሪያ ቁጥርም አልስማማ ስለሚል ጌታው መልሱን ይጥለዋል። «ሦስት!» ሲል ደግሞ አቤት የሚል የለም።

እኔም ቁጭ ብዬ ስመለከት አንድ ነገር ከነከነኝ። እዚህ ውስጥ ባሪያው የቱ ነው? ሙቀቱን የሚያውቀው፣ ሞተሩ ይሽከርከር አይሽከርከር የሚያውቀው ባሪያ የተባለው ሣጥን ነው። ጌታው እስኪጠይቅ ድረስ የሚያውቀው ነገር የለም። ከዚህም በላይ ባሪያ የተባለው የሌለ ነገር ቢጠየቅ «እንዲህ ያለ አድራሻ የለኝም» የሚል የስሕተት ቁጥር ይመልሳል፤ ደንቡም ይፈቅድለታል። በጌታው ፊት እንዲህ ብሎ በሰላም ያደረ ባሪያ በየትኛው አገር ነበረ?

ጓደኛዬ «ሽቦ አይሰደብም» ብሎ ተከራከረኝ። እርግጥ ነው፤ ሽቦ አይሰደብም። ፕላስተሩን የሚያነበው ግን ሽቦው አይደለም። በአገራችን ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ደንብ ወጣ፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ቃሉን ግን የሻረው አዋጅ የለም። በመልኩና በትውልዱ ምክንያት ዛሬም ይህ ቃል የሚወረወርበት ሰው አለ፤ ያም ሰው ከእኛ ጋር ወንበር ተጋርቶ ይማራል። ቅድመ አያቱ በዚህ ስም ተሽጣ ይሆናል። ታዲያ ላቦራቶሪ ገብቶ ቃሉን በሦስት ሣጥኖች ላይ ተለጥፎ ሲያገኘው እንዲስቅ ነው የምንጠብቀው?

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ትተውታል። የሞድባስን ደንብ የሚጠብቀው ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ጌታና ባሪያ የሚለውን ሽሮ በደንበኛና አገልጋይ ለውጦታል። መልካም አደረጉ፤ ለእኛ ግን አይበጀንም። ወደ አማርኛ ሲመለስ ጌታው ደንበኛ፣ ባሪያው አገልጋይ ሊባል ነው፤ ማለት ባሪያው አሽከር ተብሎ ተሾመ! ይህ እድገት ከሆነ የደመወዝ ጭማሪው ይታሰብለት።

ከሩቅ ሳንሄድ ቃሉ በእጃችን አለ። ልጆች ሳለን በምሽት «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። አንዱ ጠያቂ ነው፤ ሌላው መላሽ። መላሹ ሲያቅተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። የሣጥኖቹ ሥራ ይኸው ነው፦ ጠያቂና መላሽ። መላሹ ቢያውቅ ይናገራል፤ ካልሆነለት የስሕተት ቁጥሩን ይልካል፤ ጨርሶ ዝም ካለም ጠያቂው የተወሰነለትን ጊዜ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህን የሰማ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሣጥኖቹ ምን እንደሚሠሩ በስማቸው ብቻ ይረዳል፤ ጌታና ባሪያ የሚለው ይህን አያስረዳም።

የእንግሊዝኛውን አሮጌ ስም አንማረው አላልኩም። በየፋብሪካው የቆዩት መሣሪያዎችና መመሪያዎች አሁንም በዚያው ስም ስለሚጠሩ ሠራተኛው ሊያውቀው ግድ ነው። በአማርኛ የምንጽፈው ግን በእኛው እጅ ነው፤ ማንም አላስገደደንም።

ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ አንብቦ አንድ ጉድለት አገኘብኝ። ጠያቂው በአድራሻ 0 ትእዛዝ ሲልክ ሁሉም ሰምተው ይፈጽማሉ፤ አንዱም አይመልስም። «ታዲያ መላሽህ የት አለ?» አለኝ። ይህን ለጊዜው «አዋጅ» ብለነዋል፤ የተሻለ ያላችሁ ወዲህ በሉን። ፕላስተሮቹን ባለፈው ሐሙስ ለወጥናቸው። ያ ያልሳቀው ልጅም መጥቶ አብሮን ጻፈ፤ የእጅ ጽሕፈቱ ከሁላችን ያምራል። ቁጥር 3ም አሁን በሆዱም 3 ነው።